የኬላው ጸሐፊ ሰባተኛ ገጽ

በሰለች ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ትኬት ቆርጣለች። ጫጫ፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር፣ አሊዩ አምባ እያለች በቀን መቶ ጊዜ ትጽፋለች፤ አንዱንም ግን ረግጣው አታውቅም። ምክንያቱን የሚያውቅ አይገርመውም። አባቷ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች መኪናው ከጣርማ በር በታች ገደል ገባ፤ አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ልጆቿን መኪና ላይ አላወጣችም። እናቷ ካረፈችም በኋላ ፍርሃቱ ለበሰለች ውርስ ሆኖ ቀረ። አገር የምታውቀው በጆሮዋ ብቻ ነበር፤ ተሳፋሪ ወረፋ ይዞ የሚያወራውን እየሰማች የየትኛው መንገድ ኩርባ የት እንዳለ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደሚሞላ እንደ ዳዊት ሸምድዳዋለች።

ጨዋታውን ያመጣባት ታናሽ እህቷ ህሊና ናት። ህሊና አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ እህቷ እንቆቅልሽ እንደምትወድ ስለምታውቅ አንድ ቀን የቴሌግራም አድራሻ ላከችላት። ቻናሉ «የኬላው ጸሐፊ» ይባላል። በድሮ ዘመን ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣውን ሸቀጥ የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊ ነበረ፣ አንድ ቀን ደብተሩን ጥሎ ጠፋ፣ ገጾቹ አሁን አንድ በአንድ እየተገኙ ነው ይላል። እያንዳንዱ ገጽ እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱ ደግሞ ቦታ። ተጫዋቹ ቦታውን ፎቶ አንስቶ፣ ስልኩ ካርታ ላይ የሚያወጣለትን የቦታ ቁጥር ጨምሮ ይልካል። ከተሳካለት ቀጣዩ ገጽ ይመጣለታል። ከሁሉ በላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «ይህ ጨዋታ አይደለም። ጨዋታ ነው ብላችሁም ለማንም አትናገሩ።»

«ጩኸት ሳይኖርባት በጩኸት የተጠራች» የሚለው ገጽ ሲመጣ ጫጫ መሆኗን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀባትም። የጫጫ ሾፌሮችን ለምና ፎቶውንና ቁጥሩን አስመጣች። እንዲህ እያለች አራት ገጽ ከወንበሯ ሳትነሣ ፈታች። በአምስተኛው ግን ከእንቆቅልሹ ጋር ለእሷ ብቻ የተጻፈ መልእክት መጣ፦ «በመስኮት ተቀምጦ አገር አይታወቅም። ይህን በእግርሽ።»

መስኮት ውስጥ እንደምትውል በምን አወቀ? ያን ቀን ትኬት የቆረጠችለትን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አየች። ስልኳን ትኬት ጥራዙ ሥር ደብቃ ሁለት ቀን ሳትከፍተው ከረመች። በሦስተኛው ቀን ግን እልህ ያዛት። እንቆቅልሹ «ሙሴ ያልወጣበት ሲና፣ የጭነት መኪና እያቃሰተ የሚወጣበት» የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ አባቷ የሞተበት መንገድ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ዐይኗን ጨፍና አለፈች፣ ደብረ ሲና ወርዳ ፎቶዋን አነሣች፣ ዐይኗን ጨፍና ተመለሰች። ማታ ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ሳቀች። ስድስተኛው «ስሙ በር ነው፣ መዝጊያ የለውም» አለ፤ አንኮበር ወጣች። ያኔ ፍርሃቱ የተሸነፈ መስሏት ነበር።

ሰባተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «በሩን አልፈሽ ወደ አሊዩ አምባ ውረጂ። ጨው ሲወጣ፣ ገብስ ሲወርድ የሚያርፉበት ውኃ አለ። ውኃው ስም የለውም፤ ድንጋዩ ግን አለው። ስሙን አምጪ።»

ያን ሰሞን አገሩ ደህና አልነበረም። መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው ድሮን ፈርቶ ሥራው መሐል ቆም እያለ ሽቅብ ሰማይ ያያል፤ ቦታ ጠቋሚ አለ፣ በስልክ ለማይታወቅ ሰው ቁጥር የሚልክ አለ ይባላል። በሰለች ይህን ወሬ በመስኮቷ ስትሰማ ከርማለች። ከራሷ ጋር ግን አላገናኘችውም።

በገበያ ቀን ከአንኮበር ከወራጆች ጋር ቁልቁል ወረደች። ከጥቁር ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ውኃ የመንገዱ እኩሌታ ላይ አገኘች። ፎቶ አነሣች፣ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈች፣ ጀሪካን የሚሞሉትን ሁለት ሴቶች የድንጋዩን ስም ጠየቀቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግማሽ የሞላ ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ወንዶች መጡ። ሦስቱ ዱላ ይዘዋል፣ አንዱ ጠመንጃ አንግቷል።

ጠመንጃ ያነገተው ስልኳን ተቀብሎ አነበበ። የመጨረሻው መልእክት «ስድስተኛው ቦታ ተረጋግጧል። በርቺ፣ ሰባተኛው ይቀራል» የሚል ነበር። ጮክ ብሎ ደገመው።

«ይህን የሚልክልሽ ማነው?»

«አላውቀውም» አለች። እውነቷን ነበር፤ ስትናገረው ግን የገዛ ጆሮዋ አላመናትም።

የአካባቢው ሽማግሌ ሐጂ ሸምሱ ቤት ወሰዷት። ቤቱ በሰው ሞላ። ጨዋታ ነው አለቻቸው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ሥራዋን ትታ፣ ገደል ወርዳ፣ ድንጋይ ፎቶ እያነሣች ጨዋታ! ከበሩ በኩል «ትታሰር» የሚል ድምፅ ሰማች። የሐጂ ሸምሱ ባለቤት ውኃ ብትሰጣት ብርጭቆው ከጥርሷ ጋር እየተጋጨ ደረቷ ላይ ፈሰሰ።

ሐጂ ሸምሱ እጃቸውን አንሥተው ሰውን ዝም አሰኙ። «ልጄ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሏት።

ድምፅዋ እየተቆራረጠ አነበበች። «ሙሴ ያልወጣበት ሲና» ላይ ስትደርስ ዱላ ከያዙት አንዱ ሳያስበው «ደብረ ሲና» አለ፤ ወዲያው አፍሮ አቀረቀረ። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። በሰለች ትንፋሿ መለስ ሊልላት ሲል ጠመንጃ ያነገተው ጠየቀ።

«ጨዋታስ ይሁን። ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? የቦታው ቁጥር ለማያውቁት ሰው ካልተላከ ጨዋታው አይሆንም?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዎቹን ብቻ አይደለም፣ ያደረገችውን ፈራች። ስድስት ቦታ ልካለች። ለማን?

የሚያውቅሽ ሰው ጥሪ ሲሏት ታደለን ጠራች፤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሰው ሽቅብ ተላከ። ከቀትር እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሽንቷ ወጥሯታል፤ ለመነሣት ብትጠይቅ ልታመልጥ ነው ይሉኛል ብላ ቻለችው። ታደለ ሲገባ ፊቱ ከእሷ ይበልጥ ገርጥቶ ነበር።

«ትኬት ቆራጫችን ናት» አለ። «አሥራ አራት ዓመት ከዚያ ሳጥን ወጥታ አታውቅም። ሰላይ ብትሆን መቼም አገር ታውቅ ነበር።»

ፎቶዎቹን አጠፉባት፣ ወረቀቷን ቀደዱባት፣ ለቀቋት። ሐጂ ሸምሱ እስከ ደጅ ሸኟት። «የድንጋዩን ስም አልነግርሽም» አሉ በቀስታ። «ለማን እንደምትሰጪው ሳታውቂ ስም አይወሰድም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከዚያ ቀን ይብስ ነበር። እህል አልወርድ አላት። መናኸሪያው ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የላከችው የጫጫ ድልድይ ድቅን ይልባታል። ከድልድዩ ሥር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሾፌሩ ባነሣው ፎቶ ጥግ ገብተው ነበር፤ እነሱን በሕልሟ ታያለች። በስምንተኛው ቀን ለቻናሉ ጻፈች፦ «ስድስት ቦታ ሰጥቼሃለሁ። በሰባተኛው ልሞት ነበር። ሰው ከሆንክ ስልክህን ላክ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ የስልክ ቁጥር ብቻ መጣ። ደውላ ወደ መናኸሪያው ና አለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መስኮቷ ሥር ረጅም ቀጭን ወጣት መጥቶ ቆመ። ዘርአ ዳዊት እባላለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፣ የኬላው ጸሐፊ እኔ ነኝ አላት። ስትፈራው የከረመችው ይህን ነበር፤ ጃኬቱ ክንዱ ላይ አጥሮት፣ ከንፈሩ ደርቆ ቆሟል። ሻይ ቤት ወሰደችው። ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ ለሦስት ጓደኞቹ ብሎ የጀመረው ነገር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሰበሰበ። እትዬ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ አገሩን ይይ ብዬ ነው አላት። መስኮቱንም የነገረችው ራሷ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለተጫዋቾቹ ሁሉ «እኔ ከትኬት መስኮቴ ሆኜ ሁሉንም እፈታዋለሁ» ብላ በጉራ ጽፋ ኖሯል።

«ቁጥሩስ?»

«ፎቶ ከኢንተርኔት እያወረዱ እንዳያጭበረብሩ ነው።»

«የት ነው የሚቀመጠው?»

ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ካርታ ነበር፤ ድልድዩ፣ መንገዱ፣ ገበያው፣ ሁሉም በቀይ ነጥብ ተለቅሟል። ማን ማየት ይችላል ብትለው አድራሻው ያለው ሁሉ አለ። ቃሉን እንደጨረሰ ራሱ ካርታውን እንደ አዲስ አየው፤ ፊቱም አመድ መሰለ። የተጫዋቾቹን መልእክት አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ጣቱ ቆመ። ማኅደረማርያም የሚባል የጫጫ ሰው ጠዋት «ዛሬ ወደ ውኃው እወርዳለሁ» ብሎ ጽፏል። ቢደውሉለት ስልኩ ዝግ ነው።

በሰለች ተነሣች። ዘርአ ዳዊት አብሬሽ ልሂድ ቢላት ከለከለችው፤ ካርታውን አጥፋ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እንዲቆም ጻፍ አለችው። የታደለ ተራ ደርሶ ነበር። መንገዱን ሙሉ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጣ፣ በልቧ ልመለስ፣ ልመለስ እያለች ሄደች። ታደለ ግን የልቧን ሳያውቅ ነዳ።

ከአንኮበር በእግሯ ወርዳ የሐጂ ሸምሱ ግቢ ስትደርስ አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው በገዛ ነጠላው እጁን የፊጥኝ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግራ ዐይኑ አብጦ ተደፍኗል። ጠመንጃ ያነገተው አያት።

«ይኸው ሁለተኛዋ» አለ።

ሰው ዞረ። በሰለች መምጣቷ ነገሩን እንዳባሰው ያኔ ገባት። ወደ ኋላ ብትል ደግሞ የታሰረው ሰው ያልቅለታል።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ማኅደረማርያም ይባላል። የጫጫ ሰው ነው።»

«የት ነው የምትተዋወቁት?»

«ተያይተን አናውቅም።»

ዱላ መሬት ሲመታ ሰማች። ሐጂ ሸምሱ ወደ እሷ ሲመጡ እግራቸው ሥር ወድቃ ሁሉን ነገረቻቸው፤ የቻናሉን ባለቤት ማግኘቷን፣ ካርታውን፣ ቀይ ነጥቦቹን ጭምር። ስሙን ንገሪን አሏት። ልጁን አሳልፋ ልትሰጥ ነው፤ ካልሰጠች ይህ ሰው አይወጣም። ደወለችና ስልኩን ለሐጂ ሸምሱ ሰጠች። «ራሱ ይናገር» አለች።

ዘርአ ዳዊት ስሙን ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ ተናገረ። ድምፁ ሲያለቅስ ለሁሉም ይሰማ ነበር። ካርታውን አጥፍቻለሁ አለ፤ ማኅደረማርያምን አትንኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ሐጂ ሸምሱ እስኪጨርስ ሰሙት።

«በሦስት ቀን ውስጥ አባትህን ይዘህ እዚህ ቁም» አሉት። «እንደ ሰው ስትመጣ እንደ ሰው እንነጋገራለን።»

ከዚያ የታሰረውን ነጠላ በእጃቸው ፈቱት። ጠመንጃ ያነገተው አልተስማማም፤ በሽማግሌው ፊት ግን አልተከራከረም። ማኅደረማርያም ወፍጮ ቤት ያለው፣ ልጆች ያደረሰ ሰው ነበር። ሽቅብ አብረው ወጡ። አንኮበር ሲደርሱ ግንብ ተደግፎ አስታወከ፤ በሰለች ጀርባውን ይዛ ቆመች።

ዘርአ ዳዊት ከአባቱ ጋር በሦስተኛው ቀን ወረደ። ግማሽ ቀን ተገሠጸ፣ አባቱ ይቅርታ ጠየቁ፣ በሰላም ተመለሱ። ቻናሉ ተዘጋ። ቀይ ነጥቦቹን ከመጥፋታቸው በፊት ማን እንዳያቸው፣ ማን እንደገለበጣቸው ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በሰለች ዛሬም ትኬት ትቆርጣለች። በእረፍት ቀኗ አልፎ አልፎ ጫጫ ትሄዳለች፤ ማኅደረማርያምና ባለቤቱ ምሳ ያበሏታል፤ የእሱ ግራ ዐይን ብርድ ሲነካው እንባ ያፈሳል። ስለዚያ ቀን አያወሩም። የማታውቀው ሰው መልእክት ሲልክላት ሳታነበው ታጠፋዋለች።