ድንጋይ ነው ማለት ክልክል ነው

የእንጀራ ሥራዬ እንከን መፈለግ ነው። ቂሊንጦ በሚገኝ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ሸሚዝ ከፊቴ ያልፋል፤ የተዘለለ ስፌት፣ የተንጠለጠለ ክር ወይም የዘይት ነጥብ ካየሁ ወደ ጎን አወጣዋለሁ። ስለዚህ ዓይኔን ማንም አያታልለውም ብዬ እኮራለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ማርስ ላይ የታየ ጉድ!» እያለች በቴሌግራም ፎቶ ስትልክልኝ፣ አጉልቼ እንኳ ሳላይ «ድንጋይ ነው» ብዬ እመልስላታለሁ። ደስታዋን ማበላሸት ደስ ይለኛል መሰለኝ።

እናቴ የምትኖረው አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ እኛ ባደግንበት ቤት ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ። እሑድ እሑድ በሚኒባስ እሄድና አብረን እንውላለን። አንድ እሑድ ወሬ አለቀብንና ከነዚያ ፎቶዎች አንዱን አሳየኋት። ቀላ ያለ አፈር፣ የተበታተነ ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እጀታው የረዘመ ማንኪያ የሚመስል ነገር ነበር። ከቁም ነገር አትቆጥረውም ብዬ ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አደረገችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ይሄ የት አገር ነው?»

«አገር አይደለም እማዬ፣ ሌላ ዓለም ነው። ሰው የለበትም።»

«ማንኪያማ አለ» አለች። «ማንኪያ ካለ የበላ ሰው አለ።»

«ድንጋይ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ነው! አሁን ምናለ ዝም ብለሽ ብታዪ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። እሑድ እሑድ አዲስ ፎቶ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁለታችንም እንገምታለን፣ ድንጋይ ነው ማለት ግን ክልክል ነው። ቋጥኝ ላይ የተፈለፈለ በር የሚመስል ነገር አየን። እኔ የመጋዘን በር ነው አልኩ። እሷ «መዝጊያ የለውም፤ ለመንገደኛ የተተወ ማደሪያ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ቁጭ ያለች ሴት የምትመስል ጥላ አገኘን፤ እናቴ «ደክሟት አረፍ ብላ ነው» ብላ አዘነችላት። አንድ ቀን ደግሞ ክብ ክብ ጠጠር አፈሩን ሞልቶት አየን። እኔ አተር አልኩ፤ እሷ የአንድ ሰው ስንቅ ከረጢቱ ተቀዶ መንገድ ላይ የፈሰሰ ነው አለች።

ግምቷ ሁሉ ወደ መንገደኛ እንደሚያመራ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ዕቃ ላጥብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ታናሽ ወንድሜ አናጺ ነበር፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእሱ እጅ የገጠማቸው ብዙ በሮች አሉ። ከዓመታት በፊት፣ ለማናችንም ሳይነግር፣ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ሄደ። መጨረሻ የደወለው ከበረሃው ጫፍ ነው። «ነገ እንገባለን፣ እዚያ ስልክ አይሠራም፣ እንዳትጨነቁ» አለ። እናቴ «ውሃ ያዝ» አለችው። መለሰላት ወይስ ስልኩ ቀድሞ ተቋረጠ፣ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። በጣም ነው የሚናፍቀኝ። ጫማውን በር ላይ ወርውሮ «ምን የሚበላ አለ?» እያለ ሲገባ እናደድበት ነበር፤ አሁን ያ ጫማ ቢያደናቅፈኝ ብዬ እመኛለሁ።

የዕድራችን ሰዎች ደጋግመው መጥተዋል። ክፉ አስበው አይደለም። በኛ ወግ ድንኳን ተጥሎ ካልተለቀሰ እርም አይወጣም፤ እርም ያልወጣለት ሐዘን ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጎዳል። «ፎቶውን እናስቀምጥና እናልቅስለት፤ እርምዎን ያውጡ» አሏት። እናቴ በወጉ አስተናገደቻቸው፣ እስከ በር ሸኘቻቸው፣ ከዚያ «እርም የሚወጣው ለሞተ ነው። የኔ ልጅ አልደወለም እንጂ አልሞተም» አለቻቸው። ድንኳኑም ተጠቅልሎ በዕድሩ ቤት ቀረ።

ከሁሉ ያስደነገጠን ፎቶ የክሩ ነው። ከአሸዋው ላይ ተተብትቦ የወደቀ ነጣ ያለ ክር ይታያል፤ እንኳን እናቴ፣ እንከን ፈላጊዋ እኔም ድንጋይ ነው ማለት አልቻልኩም። እሷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ማተብ ነው» አለች ቀስ ብላ። ወንድሜ አንገት ላይ የነበረውን ማተብ ፈትላ የገመደችው እሷ ናት። ማተብ በራሱ አይወድቅም፣ ወይ ያልቃል ወይ ይበጠሳል ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ሌላ ፎቶ አልከፈትንም።

በሌላው ሳምንት ፎቶዎቹ የሚወጡበት የቴሌግራም ገጽ ነገሩን አብራራው። ክሩ የማንም ሳይሆን ፎቶውን ያነሱት ተመራማሪዎች የራሳቸው ነው፤ መንኮራኩራቸው ስታርፍ ከላይዋ የወደቀ ቁራጭ ነው። ይህን ስነግራት የሚቀልላት መስሎኝ ነበር።

«የራሳቸው ነው? ጥለውት ነው መልሰው ያገኙት?»

«አዎ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰው በሌለበት ዓለም የጠፋ ክር ካገኙ፣ እዚሁ ምድር ላይ ያለ ልጄን እንዴት አጡት?»

«የፈለገው የለማ፣ እማዬ» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። «ያንን በረሃ ማየት ይቻላል?» አለችኝ።

ይቻላል። ከሰማይ የተነሳውን ካርታ ከፈትኩና ሱዳንን አልፌ ወደ ሰሜን ወሰድኳት። አፈሩ ብዙም ከማርስ አይለይም። አጎላሁላት። ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ፣ ሩዝ ስትለቅም እንደምታደርገው፣ እያንዳንዱን ቦታ እያየች ሄደች። የመኪና ጎማ ያሰመረው መስመር ሲመጣ ፊቷ በራ። «ሰው ያልፍበታል!» አለች። «በዚህ ነው የሄደው።» መስመሩን ተከትላ ሄደች፣ እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ለትንሽ ጊዜ ሦስታችንም አንድ መኪና ላይ ያለን መሰለኝ።

ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ሰው የምታህል አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች፣ ጥላዋ ከጎኗ የተጋደመ። ዓይኔ ቀድሟት አየ፤ ሥራዬ ነው። ምንም ሳልል ጣቷ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ደረሰና ቆመ።

ውሃ መያዣ ጀሪካን ትላለች፣ ወይም አረፍ ያለ መንገደኛ፣ ወይም የወደቀ ስንቅ ብዬ ጠበቅሁ። እንደ ልማዳችን «ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ድንጋይ ነው» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። መነጽሯን አውልቃ ነበር።

«ድንጋይ ነው» አለች ደግማ፣ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ። «አንቺም በይ እንጂ።»

«ድንጋይ ነው፣ እማዬ» አልኳት።