አባቴ አፉ በለኝ ያሉት ተጫራች

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ጁምዓ ቀን ነው። ወርቅም አልጠፋብኝ፣ ወርቅም አላገኘሁ። ግን ያን ቀን በስልክ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለጎረቤት ሳወራው "አጂብ ነው!" ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር ሠርቻለሁ። የመጨረሻዋ ማዳሜ ዓይኗ ደካማ ነበር፤ የምትወደው ደግሞ ጥንታዊ የወርቅ ሳንቲም በኢንተርኔት ጨረታ መግዛት ነው። ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። "ጨምሪ" ስትለኝ እጨምራለሁ፣ "ተዪው" ስትለኝ እተዋለሁ። ምግብ እያማሰልኩ ስንቱን የሱልጣን ወርቅ ተጫርቻለሁ መሰላችሁ!

እነዚህ ሳንቲሞች እንደሌላው ወርቅ በሚዛን ብቻ አይሸጡም። አዋቂዎች መርምረው እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ከአንድ እስከ ሰባ ደረጃ ይሰጡትና እንደ ብርጭቆ በጠራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። በእሽጉ ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩን መርማሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት የሳንቲሙ ፎቶ ይመጣል። ማዳሜ ሁልጊዜ "በቁጥሩ ብቻ አትተማመኚ፣ ፎቶውን ከፎቶው አስተያዪ" ትለኝ ነበር። ይህችን ቃሏን ያዙልኝ።

አሁን ደግሞ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ በጥቁር ክር በአንገቷ የምታደርጋት አንዲት የቱርክ ወርቅ ነበረቻት። ቅድመ አያቷ ሐጅ ሄደው ያመጧት ናት ይባላል። ፊቴን ልታጥበኝ ጎንበስ ስትል ያቺ ወርቅ ግንባሬን ትነካኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትቀዘቅዛለች፤ እኔም "ውሰጃት!" ብዬ እጮሃለሁ።

አረብ አገር ልሄድ አንድ ወር ሲቀረኝ የእናቴ አንገት ባዶ ሆነ። "ልብስ ሳጥብ ክሩ ተበጥሶ ሐይቅ ገባችብኝ" አለችኝ። እኛ የሐይቅ ሰዎች ነን፣ ሐይቃችን ስንት ነገር እንደወሰደ እናውቃለን። አመንኳት።

ከተመለስኩ በኋላ አባቴ በጨዋታ መሃል አመለጣቸው። ወርቋ ደሴ ተሸጣ ነው እኔ የተሳፈርኩት። "ነገሩኝ እንዳትያት አደራ! ሐይቅ ገባች ካለች ገባች ነው" አሉኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሴ አምባር ስገዛ፣ ለእናቴ የላክሁላት የራስ መሸፈኛና ብርድ ልብስ ነው። እንደዚያች ያለች ወርቅ አግኝቼ አንገቷ ላይ ሳላስር አልሞትም ብዬ ማልኩ።

አሁን ሐይቅ ከተማ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቅ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬን ከፍቼ ጨረታ ማየት ልማዴ ሆነ። በቴሌግራም አንድ የጨረታ ቡድን አገኘሁ። ሻጩ አረብ አገር ያለ ያገራችን ሰው ነው፤ ተጫራቾቹም አብዛኞቹ እዚያው የሚሠሩ ናቸው። አማርኛም አረብኛም ይጻፍበታል።

አንድ ቀን ያቺ ሳንቲም ተለጠፈች። ያ ረቢ! መጠኗም፣ ላይዋ ላይ እንደ ሐረግ የተጠላለፈው የሱልጣኑ ማኅተምም፣ ቁርጥ የእናቴ ወርቅ። ቁጥሩን አስገባሁት፤ ያችው ዓይነት ሳንቲም፣ ያው ደረጃ መጣልኝ። እዚያ ያለች ጓደኛዬ ልትከፍልልኝና በሰው ልትልክልኝ ተስማማን። ሱቄን ላሰፋበት ያስቀመጥኩትን ሁሉ ለዚህች ልጨርሰው ቆረጥኩ። ሐሳቤን ማዳሜ ብትሰማ ራሷን ትስት ነበር፤ ፕላስቲኩን በመዶሻ ሰብሬ ክር ላስገባባት ነበራ! ደረጃው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እውነተኛ መሆኗን ካረጋገጠልኝ ይበቃኛል።

ጨረታው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተጀምሮ ዐስር ሰዓት ላይ ያልቃል ተባለ። ግቢያችን ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ብዙ ሰው ነበር። ዋጋው ሲወጣ አንድ አንድ እያሉ ቀሩና እኔና አንድ ሰውዬ ብቻ ቀረን። ስሙን በአረብኛ የጻፈ፣ ፎቶው ላይ ጭልፊት ያደረገ ሰው ነው። እኔ ስጨምር ትንፋሽ ሳይወስድ ይጨምራል። "ምን በደልኩህ አንተ ሰው!" እያልኩ ለብቻዬ እጨቃጨቃለሁ።

አባቴ ከመስጊድ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ከብት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በከብት ገበያ የበሬውን ገመድ የያዘ ገዢ ሳይለቅ ሌላ አይገባበትም።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያናድድሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ቆይ፣ ሌላ ሰው ገመዱን ይዟል ማለት ነው?"

"አዎ አባዬ፣ ግን ጨረታ ነው።"

"ሰው ገመድ የያዘበት በሬ ላይ ገብተሽ ዋጋ ትሰቅያለሽ?"

"ኧረ አባዬ፣ ሐራጅ እኮ ሐላል ነው! ሸኾቹን ይጠይቁ።"

"ሐራም ነው መች ወጣኝ? አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በዪው ነው የምልሽ። ሰው ቅር ብሎት የወሰድሽው ነገር እናትሽ አንገት ላይ በረካ አይኖረውም። ወዲህ በዪው ስልኩን። በየት ነው የሚናገሩት?"

ሁለት ቃል ተናግረው ይመልሱልኛል ብዬ የድምፅ መልእክቱን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ምነው እጄን በቆረጠው!

"አሰላሙ ዓለይኩም ጀመዓው" ብለው ጀመሩ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል እየጮኹ። "አንተ ባለአሞራው፣ ስምህን አላወቅኩም። እኔ ሐይቅ ያለሁ ሽማግሌ ነኝ። አንተ በያዝከው ገመድ ላይ ልጄ ገብታብሃለች። ልትጎዳህ ብላ አይደለም። እናቷ እሷን አረብ አገር ለመስደድ ስትል ያንገቷን ወርቅ ሸጣ ነበር፤ ልጄ ያችን ልትመልስላት ነው። ከዚህ በላይ አቅም የላትም። ከጨመርክ ያንተው ናት፣ ይባርክልህ። ከተውክላት ደግሞ ወደህ ተውላት፣ ሆድህ ውስጥ ቂም አይደር። አፉ በለኝ፣ ልጄ።"

መልእክቱ ሄደ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጨረታ ላይ አቅሜ ይህ ነው ብሎ መናገር ኪስን ገልብጦ እንደማሳየት ነው፤ ያውም እየጮኹ! ቡድኑ በሳቅ ምስል ተሞላ። ሻጩ "ይህ ጨረታ እንጂ ሽምግልና አይደለም፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል" ብሎ ጻፈ። አባቴ እቴ፣ ምንም አልመሰላቸው፤ ዕዳ እንደከፈለ ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

የመጨረሻው ዋጋ የእኔ ነበር። ባለጭልፊቱ ጸጥ አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ትቶልኛል!

ወዲያው ስልኬ በቴሌግራም ጠራ። ጭልፊቱ ነው። ሊሰድበኝ ነው ብዬ እየፈራሁ አነሳሁት።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሽማግሌው አሉ?" አለ፣ በአማርኛ። ያውም በእኛው በወሎ አማርኛ፣ ሳብ ረገብ አድርጎ። ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አደረግኩት።

"አባባ፣ እኔን አፉ በለኝ አይበሉኝ" አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ምንም ገመድ አልያዝኩም። ሻጩ ነው ያስቀመጠኝ፤ ሰው ሲጨምር እጨምራለሁ፣ ገዢው ሲደክመው እተዋለሁ። ሥራዬ ይኼ ነው። ዛሬ እርስዎ ያባቴ ዓይነት ድምፅ ይዘው መጡብኝ። እኔ በድዬ ሳለ እንዴት እርስዎ አፉ በለኝ ይሉኛል? ወላሂ፣ ይኼን ይዤ አላድርም።"

አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

"እህቴ፣" አለኝ፣ "ሳንቲሟም እሷ አይደለችም። ቁጥሩ የሌላ ነው፣ ከእውነተኛዋ ላይ የተቀዳ። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ፎቶ በደንብ አስተያዪው። ከማኅተሙ ሥር ጭረት አለ።"

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። እውነተኛዋ ሳንቲም ከማኅተሙ ሥር እንደ ጥፍር ያለች ጭረት አለቻት። ሻጩ የለጠፋት ግን ጭረት የሚባል የላትም፣ ልሙጥ ናት። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው የሚሉት ለካ ለእኔ ነው! ማዳሜ አምስት ዓመት ያስተማረችኝን በአንድ ቀን ረሳሁት። የእናቴን አንገት እያየሁ ፎቶውን መች አየሁት።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር "ትቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለጠፍኩ። ስለ ባለጭልፊቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሻጩ ስድቡን አወረደብኝና ከቡድኑ አስወጣኝ።

ልጁ ስልኩን አልዘጋም ነበር። "አፉ ይበሉኝ አባባ" አለ።

"እኔን ምን በደልከኝ? ወርቋ የሚስቴ ነበረች፤ አፉ የምትልህ እሷ ናት" አሉት አባቴ።

ዞር ስል እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። እጇ እርጥብ ነው፣ ዕቃ እያጠበች ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ፊቷን ሳይ ግን ሁሉንም እንደሰማች ገባኝ። ያባቴንም ጩኸት፣ የወርቁንም መሸጥ፣ እኔ ማወቄንም።

መጥታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ልጄ፣ እናት አለችህ?"

"አለች፣ እዚያው አምባሰል።"

"ትደውልላታለህ?"

"ይኼን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ አልደወልኩም። ምን ትሠራለህ ትለኛለች" አላት።

"ዛሬ ደውልላት። ደህና ነኝ በላት፣ ይበቃታል። እኔ አፉ ብዬሃለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ።"

"እሺ እማ" አለ። ሲያለቅስ ሰማነው፤ ከዚያ ተዘጋ።

አሁን እኔና እናቴ ተፋጠጥን። "እማዬ፣ ወርቋን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ።

"ሐይቅ ገባች አላልኩሽም?" አለች። "እዚህ አፍንጫሽ ሥር የሰጠመችውን ባሕር ማዶ መፈለግ ምን ያስፈልግሻል! አንቺ ሞኝ!" ሳቀችና በእርጥብ ጣቷ ግንባሬን መታ አደረገችኝ። ጣቷ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ እሷም አላባበለችኝ፣ እስኪወጣልኝ ተወችኝ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ፈልጌው ነበር። ጭልፊቱም ስሙም ከቴሌግራም ጠፍተዋል። ሥራውን ተወ፣ ተባረረ፣ አገሩ ገባ፣ የማውቀው ነገር የለም። ስሙን አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል። አባቴ ዱዓ ሲያደርጉ "ያን ባለአሞራ ልጅ" ይላሉ። "በስሙ ካልጠሩት እንዴት ይደርሰዋል?" ስላቸው፣ "አላህ እንዳንቺ ፎቶ አስተያዪ አይባልም" ብለው ይስቁብኛል።

እኔም ጨረታ ትቻለሁ። የአባቴ ነገር ያን ቀን እንዳላሳፈረኝ ሁሉ፣ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ጨርቅ ሲይዙ "አፉ ተባባሉ" የምለው እኔ ሆኛለሁ። የእናቴ አንገት አሁንም ባዶ ነው። አንዳንድ የድሮ ወዳጆቿ "ያቺ ወርቅሽስ?" ሲሏት "ሐይቅ ገባችብኝ" ትላለች።

እኔም ከጎኗ ሆኜ "አዎ፣ ዓይኔ እያየ ነው የገባች" እላለሁ።