በማለዳ የደረስኩበት የአባቴ አገር

አባቴ ስለ ወሎ ሲያነሳ ስለ በሬው ያወራል፣ ስለ ወንዙ ያወራል፣ ስለ እህቱ ግን ዝም ነው። በድርቁ ዘመን በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲመጣ ታላቅ እህቱን ከታመመች እናታቸው ጋር ትቷት ነው የወጣው። "ሦስት ወር ነው፣ እህል ይዤ እመለሳለሁ" ብሏት ነበር። አልተመለሰም። አቦቦ ላይ መሬት ቆፈረ፣ አገባ፣ እኔን ወለደ፣ አረጀ። እናቱ መሞቷን ከሰው ሰማ፤ ከዚያ ወዲያማ ጭራሽ አፈረ። "እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? በሯን ትዘጋብኛለች" ይለኛል። እንሂድ ስለው ይቆጣል።

እኔ እዚያው ጋምቤላ፣ ኢታንግ በምትባል ከተማ ነርስ ነኝ፤ እሱም አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አምና ከካናዳ የመጣች አንዲት የእርዳታ ሠራተኛ አብራን ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ፦ ጭጋግ፣ በጎች፣ ሣር የዋጠው መቃብር። ቅድመ አያቶቿ የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው አሉ፤ የዓመት እረፍቷን ሙሉ መንደራቸውን ስትፈልግ ከርማለች።

"አገኘሻቸው?" አልኳት።

"ስማቸውን ድንጋይ ላይ አገኘሁት" አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ።

በሆዴ ሳቅኩባት። ወዲያው ግን በራሴ ተናደድኩ። ይቺ ሴት ለድንጋይ ባሕር ተሻግራለች፤ የእኔ አክስት በሕይወት አለች እየተባለ፣ እኔ መኪና መሳፈር አቅቶኝ እዚህ ተጎልቻለሁ! ወይ ጉድ! በማግስቱ የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ።

አባቴ አልከለከለኝም። "ከተቀበለችሽ ደውይልኝ። ካልሆነም ክፉ ሳትናገሪ ተመለሽ" አለኝ።

ብርዱ አይቻልም ብለው ስላስፈራሩኝ መንገድ ላይ ወፍራም ጥቁር ሻል ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ከመንደሩ አጠገብ ካለች ከተማ አደርኩና ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። እኛ ጋ ጉዳይ ያለው ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ነው የሚወጣው፤ ረፍዶ ሰው ቤት መሄድ ራስን መጥበስ ነው። እዚያ ደጋ ላይ የምትጠብስ ፀሐይ እንደሌለች እንኳ አላሰብኩም።

ቤቱን ጠይቄ ደረስኩና አንኳኳሁ። ቀጭን አሮጊት ከፈቱልኝ። አፍንጫቸው ቁርጥ የአባቴ ነው።

"ከጋምቤላ ነው የመጣሁት፤ የወንድምዎ ልጅ ነኝ" አልኩ።

ፊቴን አዩት። ሻሉን አዩት። ገና ያልነጋውን ሰማይ አዩ። ከዚያ "ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!" ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ።

በዚያ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እኔ ጅሏ ደግሞ ጥቁር ለብሼ በጎህ ደጃቸው ቆሜያለሁ! "ኧረ አልሞተም! ደህና ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ። አንዷ እኔኑ አቅፋ "አይዞሽ፣ እርምሽን አውጪ" ትለኛለች። አክስቴ ደረታቸውን እየደቁ "በየክረምቱ ጠበቅኩህ እኮ! እናታችንን እኔ ቀበርኩ፤ አንተን ማን ቀበረህ!" ይላሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አባቴ ደህና መሆኑን እያወቅኩ አለቀስኩ።

ሌላ መላ ስላጣሁ ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"አባዬ፣ ቶሎ ተናገር!"

"ምንድን ነው ለቅሶው? ማን ሞተ?"

"አንተ!" አልኩት።

በለቅሶው መሃል የእህቱን ድምፅ ለየው መሰለኝ። "እትዬ" አለ፣ በቀጭኑ።

ጎረቤቱ ለቅሶውን አቆመ። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው አፋቸው ላይ ለጠፉት።

"አለህ?"

"አለሁ። አፍሬ ነው የቀረሁት።"

"እፍረትህን ተሸክመህ ና!" ብለው ጮኹበት። "የአንተን ለቅሶ ዛሬ ጨርሻለሁ፣ ሌላ እንባ የለኝም። የቀረው የእኔ ነው። ና፣ አንተ ቅበረኝ።"

አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። "መጣሁ እትዬ" ይላል፣ ሳጉ እያቋረጠው፤ "እስክደርስ እንዳትሞቺብኝ፣ መጣሁ።"