ሾፌሩ የመረጠው በሽታ

ሾፌሩ ለወገብ ሕመሙ የመረጠለት ስም ኩላሊት ነበር። ሰፈሩም ወገብ አካባቢ የሚያም ነገር ሁሉ ኩላሊት ነው ብሎ ስለሚያምን የተከራከረው የለም። "ውሃ ጠጣ" አሉት፤ ጠጣ። አውቶቡሱን በየፌርማታው አቁሞ እያነከሰ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ተሳፋሪው "ዛሬም ሊያስረፍደን ነው!" ይላል፤ እሱም እየሳቀ ይመለሳል።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ እንጂ እሱም ጠርጥሯል። ኩላሊት መቼም ከቂጥ ተነስቶ እስከ እግር አውራ ጣት አይወርድም። ግን አንድ ባልደረባው "ዲስክ ነው" ተብሎ ከመሪው እንደወረደ ቀርቷል። ኩላሊት ከመሪ አያወርድም። ያቺን አውቶቡስ ደግሞ ከሚስቱ ቀጥሎ ይወዳታል፤ አንዳንድ ቀን ቅደም ተከተሉም ያጠራጥራል።

አንድ ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ሲያቅተው ሚስቱ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ተነስ!" ብላ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። በጀርባው አስተኝታ ቀኝ እግሩን ሳታጥፍ ቀስ ብላ አነሳችው።

"ያምዎታል አባባ?"

"ኧረ ምንም!" አለ፤ ላቡ ግን ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ እጁም የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዷል።

"ወይ አንተ! አልጋውን ልትነቅለው እኮ ነው" አለች ሚስቱ።

ሐኪሟ ሳቀችና የእግሩን አውራ ጣቶች ይዛ "እስቲ እጄን ወደ ላይ ይግፉ" አለችው። የግራው ገፋ። ጥርሱን ነክሶ ቢታገልም የቀኙ የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ አለው።

"የዲስክ መንሸራተት ይመስለኛል፤ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። በኤምአርአይ እናረጋግጣለን። አይፍሩ፣ አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። ሥራዎ ምንድን ነው?"

ሚስቱ ልትመልስ ስትል በዓይኑ ለመናት። "ጡረተኛ ነኝ" ቢል ነገም መሪው የእሱ ነው። ግን ዓይኑ ከዚያች እንቢተኛ ጣት አልነቀል አለ። ጠዋት ጠዋት ከኋላው ታጭቀው የሚንጫጩት ተማሪዎች ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። እውነቱን ለመናገር፣ ሕመሙ ሲያሰቃየው ሳይሆን ያን ጊዜ ነው የፈራው።

"የሕዝብ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ" አለ። "ፍሬን የምይዘው በዚህ እግር ነው።"

ሚስቱ እጁን ያዘችው።

"ልጄ" አለ ሾፌሩ፣ "እስኪሻለው አይንዳ ብለሽ ጻፊልኝ። ደግሞ አደራ፣ እኔ ራሴ ተመልሼ መጥቼ ብለማመጥሽ እንዳትሰሚኝ።"