ያልተመለሱ ጉንዳኖች

መሥሪያ ቤቱ «ጉንዳኗ» ነው የሚላት። ምን ያድርጉ፣ ሥራዋ ነዋ! ኮምፒውተር ውስጥ የጉንዳን መንጋ ትሠራና ሸረሪት ትለቅበታለች፤ መንጋው አዳኝ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ታጠናለች።

ሥራው ግን እሺ አላላትም። መስታወት ሣጥን ውስጥ ያሉት እውነተኞቹ ጉንዳኖች ሸረሪት ሲመጣ መውጣት ያቆማሉ፣ ይተርፋሉ። የኮምፒውተሩ ጉንዳኖች ግን አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወደ ሞት ይወጣሉ፤ በአርባኛው ቀን አንድም አይቀርም። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ!

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ባልደረባዋ፣ ፕሮግራመሩ፣ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የጻፈችውን መስመር በመስመር አነበበና ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሞቱትን የት ነው የምትቀብሪያቸው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ይኸው! ሸረሪት የበላው ጉንዳን አሁንም ‹ወጥቷል› እንደተባለ ነው። ‹ቀረ› ያለው የለም። ጉድጓድ ውስጥ ያሉት የወጣው ሁሉ ደህና ይመስላቸዋል። ታዲያ ምን ያስፈራቸዋል? ይከተላሉ እንጂ!»

«ወየው ጉዴ!» አለች። ስለ ጉንዳኖቹ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሟ በረሃ አቋርጦ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እናቷ እህል አልቀምስ ብለው አልጋ ሲይዙ ጨነቃትና «ደወለልኝ፤ ደርሷል፣ ሥራም ይዟል» አለቻቸው። ለአንድ ቀን ብላ ነበር የዋሸችው። ውሸት ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ መች ይመለሳል! በየወሩ ሰላምታ እየፈጠረች ታደርስ ጀመር። እናትም በሉ፣ ተነሡ፣ ሳቁ። ታናሽ እህቷ ከጎን ሆና ስትሰማ ኖራ፣ ሰሞኑን «እኔስ ከሱ በምን አንሳለሁ?» ማለት አብዝታለች። እሷ ግን ቀልድ መስሏት አለፈችው።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሣ ስልኳን ይዛ ሮጠች። ታክሲ ውስጥ ሆና እህቷ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» የሚለውን ብቻ መንገዱን ሙሉ በልቧ ስታመላልስ ቤት ደረሰች።

እናቷ በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን ፈገግታ አለው።

«እህትሽ ጠዋት አንቺ እንደወጣሽ ሄደች» አሉ። «ትከለክለኛለች ብላ እኮ ነው የደበቀችሽ። እኔም አልለቅሽም ብዬ ይዣት ነበር፤ ኋላ ሳስበው፣ ወንድሟ እዚያ አለላት አይደል? በይ ሲደውል መንገሩን እንዳትረሺ፣ ወጥቶ ይቀበላት።»