ከጠርሙስ የወጡት ወይኖች

እህቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ቀን እናቴ ሰፈሩን በሙሉ ጠርታ ነበር የጠበቀቻት። ድንኳን ተጥሏል፣ በግ ታርዷል፣ እልልታው እስከ መናኸሪያው ይሰማል። እህቴ ሁሉንም በየተራ ሳመች፣ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ በኋላ አልወጣችም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደችው። ሻንጣዋ እንኳ ሳይከፈት አልጋዋ ሥር ተቀመጠ። ምን እንዳገኛት ለእኛ አልነገረችንም፤ ከተማችን መካነ ሰላም ግን የማያውቀውን ሁሉ ያወራ ነበር፤ በዚህ በጣም እበሽቅ ነበር።

ስብሰባው ሁሉ ልማት ልማት በሚልበት በዚያ ዘመን የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ቆላ ላሉ ገበሬዎች የሚታደሉ የወይን ችግኞች ከአዲስ አበባ ተላኩልን፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በጠርሙስ የተባዙ፣ ከጣት የማይበልጡ። የጠርሙስ ችግኝ ነፋስ አያውቅም። ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ድንገት ደጅ ካወጡት ውሃው ተንኖ ያልቅና ይጠወልጋል። ስለዚህ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን፣ በጠርሙሱ ያደገበትን ዝልግልግ ጄል በቀስታ አጥበን፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተክለን፣ ላስቲክ እናለብሰዋለን። ከዚያ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጥን ከአየሩ ጋር እናላምደዋለን። ጣቢያችን ገላጣ ሜዳ ላይ ስለነበር ነፋሱን ፈርቼ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ችግኞቹን ወደ ቤታችን ጓሮ አመጣኋቸው። ጥላ ያለው እህቴ መስኮት ሥር ነበርና እዚያ ደረደርኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶች እህቴን ሊጠይቁ መጡ። እኔ ገበያ ነበርኩ። እህቴ እንደ ልማዷ አልወጣችም። ጠያቂን በባዶ መሸኘት ደግሞ ለእናቴ ከሞት አይተናነስም። እንግዶቹን ወደ ጓሮ ወሰደችና በጠራራ ፀሐይ ላስቲኩን ገልጣ «ልጄ ያመጣውን ወይን እዩልኝ!» አለች። ከሄዱም በኋላ አልሸፈነችውም።

«ታፍነው ላብ በላብ ሆነው አሳዘኑኝ፤ ትንሽ ይተንፍሱ ብዬ» አለችኝ ስመለስ።

ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል የጓሮው በር ተከፈተና እህቴ ወጣች። በእጇ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ይዛለች፤ በአሠሪዋ ቤት ልብስ ስትተኩስ የምትረጭበት ነበር። ሻንጣውን ከፍታዋለች ማለት ነው። ተንበርክካ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አረጠበች፣ ላስቲኩን መለሰች፣ ጠርዙን በድንጋይ አስያዘች። እናቴ ታለቅስ ጀመር።

«አብሽሪ እማዬ፤ አታልቅሺ» አለቻት እህቴ። «እኔንም እንዲሁ በአንድ ጊዜ ነው ያወጣሽኝ። እዚያ በሩ በላዬ ተቆልፎ ነው የኖርኩት። ስመጣ አገር ምድሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።»

«እኔን አፈር ይብላኝ ልጄ!»

ከችግኞቹ የሞቱም አሉ። የተረፉትን እህቴ ተረከበች፤ እኔን ዝር አላስብል አለች። ጠዋት ላስቲኩን በስንዝር ትገልጣለች፣ ፀሐዩ ሲበረታ ትመልሰዋለች። ልምከርሽ ስላት «ባለሙያው ገበያ ይዋል» ትለኛለች። ስትቀልድ ከሰማኋት ስንት ዘመኔ! ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ባልዲ ይዤ ወደ ቧንቧው እሄድ ነበር።

ቅጠሎቹ ጠንከር ባሉበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ እነዚያው ጎረቤቶች ተመልሰው መጡ። ያቺ ሰፈሩን ሁሉ የምትጠራ እናቴ በሩን ይዛ ቆመች።

«ዛሬስ ማሩኝ» አለቻቸው። «ልጄ ገና ናት።»

ደግ ሰዎች ናቸውና አልተቀየሙም። ሊመለሱ ሲሉ የእህቴ ድምፅ ከጓሮ መጣ።

«እማዬ፣ እቴቴ ብቻ ይግቡ።»

እቴቴ የምንላቸው ከአጥራችን ማዶ ያሉት አሮጊት ናቸው፤ ሕፃን ሳለን በጀርባቸው አዝለውናል። ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። እናቴ አሳለፈቻቸውና በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።