የወንድሜ ክርክር ስቶክሆልም ገባ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ማታ እህቴ በላይነሽ የታላቅ ወንድማችንን ፎቶ በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። «እትዬ፣ ፈረንጅ አገሩን ደግሞ ይየው» አለችኝ። እኔ በርበሬው ይፈስብኛል ብዬ ስጨነቅ፣ እሷ ለሞተ ሰው ሽርሽር ታዘጋጃለች። ቦሌ እስክንደርስ ስንነታረክ ሄድን፤ ለመላቀስ እንኳ ጊዜ አልተረፈንም።

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሳራ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለ እሷ ሳወራ እጇ ስለሚዘገይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የማስጽፈው፤ ማንበብ ባልችልም የመስመሩን ርዝመት አያለሁ።

ልጄ ያመጣኝ ስቶክሆልም ዳር ያለ ቮርቢ ጎርድ የሚሉት ሰፈር ነው። አገሩ ደግ ነው፣ ብቻ ኅዳር ላይ ፀሐይቱ በዘጠኝ ሰዓት ሥራዋን ፈትታ ትሄዳለች። ጎረቤቴም ከእኔ ጋር ሊፍት ላለመግባት የታሰረ ጫማዋን ደግማ ታስራለች።

ሳራ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች። ፎቶውን አይታ ማነው ስትለኝ ነገርኳት። ወንድሜ ጣልያን ሳይመጣ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ ነው። እዚያ ተማሪው ጠረጴዛ ላይ እየወጣ ሲሟገት፣ ያንዱን መንግሥት አፍርሶ የሌላውን ሲያቆም አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ አይቶ፣ ያንን አመል ይዞብን መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱ እንደ ጃፓን እንሁን ይላል፣ አንዱ አስቀድሞ ባሪያ ነጻ ይውጣ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ምሳ አልደረሰም ወይ ይላል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ እጅ አስታጥባለሁ። ነገሩ ያልጣመኝን ሰውዬ ውሃውን እጅጌው ውስጥ እለቅበት ነበር።

ሳራ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ሌላ። ኡፕሳትስ የሚሉት የመመረቂያ ጽሑፍ አለባት፣ እሱን በወንድሜ ላይ ጻፈችው፤ ለሴቶች ትምህርት የተሟገተ ሰው ብላ። እውነቷን ነው፣ ተሟግቷል። መምህሯ ግን በወረቀት ያለ ማስረጃ አጣሁ አለቻት። እንግዲህ ምስክሯ እኔ ነኝ፤ እኔ ካልመሰከርኩ ጽሑፉ አያልፍም፣ እሷም አትመረቅም።

ባቡር ተሳፍረን ዩኒቨርሲቲዋ ሄድን። እኔ ወንድሜ ያወራውን ጩኸት ጠብቄ ነበር። አሥራ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ዝም አይባልም። መናገር ያማረው ጣቱን ያነሳና ይጠብቃል፤ ሲፈቀድለት ደግሞ ይቅርታ ይላል። ቀረፋ ያለበት ዳቦ አቀረቡልኝ። እንደ ወጉ አንዴ እምቢ ብዬ ልመናውን ስጠብቅ፣ ሳህኑን አነሱት።

መምህሯ ጠየቀችኝ፣ ሳራ ወደ አማርኛ መለሰችው። «ወንድምዎ እርስዎንም አስተምረውዎታል ወይ ትላለች።»

የሳራ ዓይን ይለምነኛል። አይቼዋለሁ። ግን ተናገርኩ። አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ብድግ ብሎ፣ ሴት ልጅ ካልተማረች አገር በአንድ እግሯ እንደቆመች ናት አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ መቼ ልጀምር?» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም እየሳቀ እጁን ዘረጋና «ውሃ ጨምሪ» አለኝ። ከዚያ ጣልያን መጣ፣ እሱንም ገደለው።

ይህን ሁሉ አውርቼ የሳራ ትርጉም አንድ ጉርሻ አያህልም። መሃሉ ላይ «ያ» ስትል ሰማኋት፣ መምህሯም ፈገግ አለች። «ያ» አዎ፣ «ኔይ» አይደለም ማለት መሆኑን ቮርቢ ጎርድ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ወደ መምህሯ ዞርኩና ራሴ «ኔይ» አልኳት።

የሳራ ፊት ተለዋወጠ። «እማማ፣ አበላሹብኝ እኮ» አለችኝ።

«ምን አበላሸሁ? እሱ መሟገቱም እውነት፣ እኔ መሃይም መሆኔም እውነት። ሁለቱንም ንገሪያቸው።»

እሷም ሁለቱንም ነገረቻቸው። ያን ጊዜ አንዷ ጣቷን ሳታነሳ ተናገረች። አንዱ ሳያስጨርሳት መለሰላት። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫ ጀመር፣ ጠረጴዛ የመታም አለ። እንዴ፣ ዩኒቨርሲቲ ለካ ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። መምህሯ ሳራን አልጣለቻትም፤ እንደገና ጻፊው ብላ ሦስት ሳምንት ሰጠቻት።

ሳራ ባቡር ውስጥ አኩርፋኝ መጣች። ቮርቢ ጎርድ ስንወርድ ግን በረዶው እንዳያንሸራትተኝ ክንዴን ይዛ «ወንድምዎ ሌላስ ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ። ታረቅን።

ያልታረቀችኝ በላይነሽ ናት። የስልክ ካርድ ገዝቼ ሁሉንም አወራኋት፣ ትስቃለች ብዬ። እስክጨርስ ሰማችኝና «እትዬ፣ ጣልያን የገደለውን አንቺ ፈረንጅ ፊት ደገምሽው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሳም። ስልኩ አልጋዋ ራስጌ ነው፤ ጥሪውን እየቆጠረች እንደምትተኛ አውቃታለሁ። ግትር ናት፣ ከእኔ በቀር የሚብሳት የለም። እኔ ግን ድምፅዋ ናፈቀኝ፣ ስድቧም ቢሆን።

እንግዲህ ይህ ወረቀት እጃችሁ የገባ የአዲስ አበባ ሰፈራችን ሰዎች፣ እባካችሁ ሄዳችሁ አንብቡላት። ጆሮዋ ደክሟልና ጮክ ብላችሁ፣ ብትቆጣም ሳታቋርጡ። ራሷ ታንብበው እንዳልል፣ እሷንም ማንም አላስተማራት።